ሣጥን ሲገዝፍ ቃል ይሞታል

ኪነ ጥበብ ከመሣሪያዋ ተነጥላ አትታይም። ሠዓሊ ስለ ብሩሹ፣ ቀራፂ ስለ መሮው፣ በገና ደርዳሪም ስለ ጅማቱና ስለ ቆዳው አጥብቆ ይጠይቃል፤ መጠየቁም የሙያ ክብር እንጂ የጠባይ ክፋት ተደርጎ አይቆጠርበትም። በዘመናዊው የሙዚቃ መድረካችን ላይ ግን ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት፣ ብዙ ጆሮ የሚገዛ፣ ነገር ግን ማንም በቁም ነገር የማይነጋገርበት አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም ጊታር ተጫዋቹ ከጀርባው የሚያቆመው የስፒከር ሣጥን ነው። ስለ ጊታሩ እንነጋገራለን፤ ስለ ድምፃዊው እንከራከራለን፤ ስለ ግጥሙ መላሸቅና ስለ ዜማው መደጋገም በየመጽሔቱ ስንጽፍ ኖረናል። ግጥሙንም ዜማውንም አድማጩ ዘንድ ሳይደርሱ ሊቀብራቸው የሚችለውን ይህን የእንጨት ሣጥን ግን ለነጋዴና ለዕቃ ግዢ ክፍል ትተነዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዝምታ መስበር ነው። አቋሙንም ከወዲሁ ሳይሸፋፍን ያስታውቃል። ከባንድ ጋር በመድረክ ለሚጫወት ጊታሪስት የሚመረጠው ሣጥን ትልቁ፣ ጯሂው ወይም ስመ ጥሩ ሳይሆን ለአዳራሹ የሚመጥነውና የዘፋኙን ቃል የማይውጠው ነው። ከዚህ ውጭ የሚደረግ ምርጫ ሁሉ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ፣ የኪነት ብክነት ነው።

ግዝፈት ከየት መጣ?

አራት ስፒከር የታጨቀበት ግዙፍ ሣጥን ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ከአንድ ችግር የተወለደ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በለንደን ሃንዌል ሠፈር የሙዚቃ መሣሪያ መደብር የነበረው የድራም መምህር ጂም ማርሻል ከባልደረቦቹ ጋር አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ። የዚያን ጊዜ ስፒከሮች የመሸከም አቅም አነስተኛ ነበር። ሁለት ስፒከር የያዘ ሣጥን አዲሱን ማጉያ መሸከም ስለተሳነው አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች በአንድ ሣጥን ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ። እንግዲህ ስፒከሮቹ አራት የሆኑት አራት ቁጥር ለጆሮ ስለሚጣፍጥ ሳይሆን ሁለቱ ስለሚቃጠሉ ነበር። በ1965 ገደማ «ዘ ሁ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሰንድ ስምንት ስፒከር በአንድ ላይ የያዘ ሣጥን አሠራ። ዕቃ ተሸካሚዎቹ ክብደቱን ማንሣት ስላቃታቸው ሣጥኑ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱም በአንዱ ላይ ተደራረበ። ዛሬ በፎቶግራፍ እያየን የምንመኘው የሣጥን ግንብ መነሻው ይኸው ነው። መሠረቱ ስሌት እንጂ ውበት አልነበረም፤ ቅርጹን የሰጠውም የወዛደር ወገብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። በዚያ ዘመን መሣሪያዎችን በማይክሮፎን ተቀብሎ ለሕዝብ የሚያዳርስ በቂ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ አልነበረም። አዳራሹን የሚሞላው ጊታሪስቱ ራሱ ከጀርባው ባቆመው ሣጥን ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) ቢትልሶች ኒው ዮርክ በሚገኘው ሼይ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲጫወቱ የያዙት ባለ 100 ዋት የቮክስ ማጉያዎችን ነበር። የሕዝቡ ጩኸት ማጉያዎቹን ዋጣቸው፤ ተጫዋቾቹም እርስ በርሳቸው ለመደማመጥ ተቸገሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በ1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ቢል ሃንሊ ለመቶ ሺዎች የሚደርስ የድምፅ ሥርዓት ዘረጋ። በ1974 «ግሬትፉል ዴድ» የተባለው የአሜሪካ ባንድ ወደ 600 የሚጠጉ ስፒከሮችን እንደ ግንብ ከጀርባው ደርድሮ ተጓዘ። ይሁን እንጂ ወጪውንና ጉልበቱን ስላልቻለ በዚያው ዓመት ተወው። የሙያው ጎዳና ከዚያ በኋላ ግልጽ ሆነ፦ ሣጥኑ በመድረክ ላይ ያንሳል፤ ማይክሮፎን ከፊቱ ይቆማል፤ ድምፁን ለሕዝቡ የሚያደርሰው የአዳራሹ ማጉያ ነው።

እንግዲህ ምክንያቱ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቅርጹ ግን ዛሬም ይመለካል። በታላላቅ የሮክ መድረኮች ላይ ከተደረደሩት ሣጥኖች መካከል ስፒከር ያልገባባቸው፣ ለዓይን ብቻ የቆሙ ባዶ ሣጥኖች መኖራቸው በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ ግን ለእነርሱ ጌጥ የሆነውን እውነት መስሎን እንገዛለን፤ እንሸከማለን፤ በሃምሳ ሜትር አዳራሽ ውስጥም እናስጮኸዋለን።

ቃሉ የሚሞተው የት ላይ ነው?

«አንተ ገጣሚ ነህ፤ ከእንጨትና ከሽቦ ምን አለህ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ሟቹ የእኔ ወገን ነው።

የጊታር ስፒከር ቤት ውስጥ ራዲዮ እንደምንሰማበት ስፒከር ሁሉንም ድምፅ በእኩል አያስተላልፍም። ባለ 12 ኢንቹ የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በአብዛኛው ይቆርጣል፤ በ2,000ና በ4,000 ሄርዝ መካከል ያለውን ደግሞ ከሌላው ይበልጥ አጉልቶ ያወጣል። ጊታር በባንድ መካከል «ቆርጦ ወጣ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። የሰው ልጅ ንግግር ተነባቢ ፊደላትም የሚለዩት በአመዛኙ በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። አናባቢው ከታች ይጎተታል፤ ዜማውን የሚሸከመውም እርሱ ነው። ተነባቢው ግን ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ትርጉሙን የሚሸከመውም እርሱ ነው። ስለዚህ ከልክ ያለፈ ሣጥን ከዘፋኙ ላይ ዜማውን ትቶ ቃሉን ይነጥቃል። አድማጩ «ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይገባኝም» የሚለው ጆሮው ደንቁሮ አይደለም።

ይህ ጉዳት ለማንኛውም ቋንቋ ጉዳት ነው፤ ለአማርኛ ግን መርዶ ነው። ቋንቋችን በመጥበቅና በመላላት ትርጉም ይለውጣል። «አለ» ሲላላ ንግግር ነው፤ ሲጠብቅ ህልውና ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። በ«ጥል»ና በ«ትል»፣ በ«ቅብ»ና በ«ክብ» መካከል ያለው ልዩነት ምላስና ጉሮሮ ለቅጽበት አፍነው የሚለቁት አየር ብቻ ነው። በዚህ ላይ የግጥማችን ባህል ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ለሁሉ ይሰማል፤ ወርቁ ግን አንዱ ቃል በሚሰበርበት፣ አንዱ ፊደል በሚጠብቅበት ስፍራ ተሸሽጎ ይቀመጣል። አዝማሪ ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ግጥሙን ከፍ የሚያደርገው፣ ስንኙም ሊያበቃ ሲል ክሩን የሚያለዝበው ለትሕትና አይደለም። ወርቁ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። የድምፅ ምህንድስና ሳይማር ምህንድስናውን ጨርሶታል። በኤሌክትሪክ የተደገፈው ዘመናዊ ባንድ የአዝማሪውን ጥበብ መውረስ ሲገባው በአራት ስፒከር ላይ ተቀምጦ ወርቁን ይረግጣል።

የተዛባ፣ ጉርምርምታ የበዛበት የጊታር ድምፅ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ንጹሕ የጊታር ድምፅ ይመታና ይደክማል፤ በምትና በምት መካከልም ለቃል ክፍተት ይተዋል። የተዛባው ግን ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶ ይዘልቃል። ይህ ድምፅ የራሱ ውበትና የራሱ ቦታ አለው፤ ልከለክለው አልመጣሁም። ነገር ግን በትዝታም ሆነ በአምባሰል ቅኝት የሚዘፍን ድምፃዊ ቃሉን በሚያወርድበት ስፍራ ላይ እንደ ጭቃ ቢለሰን ጥበብ ተብሎ ሊወደስ አይገባም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

አንዳንዱ ጊታሪስት «እኔ የምሰማው መጠነኛ ነው፤ የሚከሰኝ ሰው ያጋንናል» ይላል። እውነቱን ነው፤ የሚሰማው መጠነኛ ነው። ስሕተቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ200 ሄርዝ የሚጮህ ወፍራም ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 1.7 ሜትር ነው፤ ሣጥኑን ዞሮ በየአቅጣጫው ይበተናል። በ3,000 ሄርዝ የሚጮኸው ግን 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር ስፒከር ሲወጣ አይበተንም፤ እንደ ባትሪ መብራት ጨረር ወደ ፊት ይወረወራል። አራት ስፒከሮች ጎን ለጎንና በላይ በታች ሲደረደሩ ጨረሩ ይበልጥ ይጠብባል። ጊታሪስቱ ከሣጥኑ አንድ ሜትር ርቆ ሲቆም ጨረሩ ጉልበቱን ይመታል፤ ጉልበት ደግሞ ጆሮ የለውም። ድምፁ ስለሚደበዝዝበት ቀጭኑን ድምፅ ይጨምራል፣ ጩኸቱንም ያነሣል። በዚያው መስመር ላይ በአሥረኛው ረድፍ የተቀመጠው ምስኪን ግን በመርፌ ይወጋል። በጎን የተቀመጠው ደግሞ ሌላ ሙዚቃ ይሰማል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሣጥኑን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ወይም ወደ ኋላ ጋደል አድርጎ ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ማነጣጠር ይበቃል። ሁለት ስፒከር ያለው ሣጥን ከሆነ ጎን ለጎን ከማጋደም ይልቅ አንዱ ከሌላው በላይ እንዲሆን ማቆም ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ ይበልጥ ያዳርሳል። ራሱን በትክክል የሚሰማ ተጫዋች ሳይለምኑት ድምፁን ይቀንሳል።

የዋት አምልኮ

ሌላው ጣዖት ዋት ነው። ባለ 100 ዋቱ ከባለ 50 ዋቱ እጥፍ ይጮኻል ተብሎ ይታመናል። ሐሰት ነው። ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለሰው ጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በአንጻሩ ገዢዎች ዓይተውት የማያውቁት ሌላ ቁጥር አለ፤ ይኸውም ስፒከሩ በአንድ ዋት ኃይል፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል የሚለው ነው። 97 ዴሲቤል የሚያወጣውን ስፒከር 100 በሚያወጣው መለወጥ ማጉያውን በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ይህን ያወቀ ባንድ ትንሽ ማጉያና ትጉህ ስፒከር ይዞ ትልቅ አዳራሽ ይደርሳል። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወተውም እያወቀ ዝቅተኛውን ይመርጣል።

በኃይል ማጣመር ረገድ ቸል የማይባሉ ሕጎች አሉ። ስፒከሩ የሚሸከመው ዋት ከማጉያው ዋት በላይ መሆን አለበት፤ በቫልቭ የሚሠራ ማጉያ ሲገፋ ከተጻፈበት በላይ ሊያወጣ ይችላልና። የኦሙም ቁጥር መጣጣም አለበት። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4፣ በተከታታይ ሲያያዙ 16 ይሆናሉ። በቫልቭ የሚሠራውን ማጉያ ያለ ሣጥን ማብራት የውፅዓት ትራንስፎርመሩን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በትራንዚስተር የሚሠራው ደግሞ ከተወሰነለት ኦም በታች ከተጫነበት ይነድዳል። ማጉያንና ሣጥንን የሚያገናኘው ገመድም ጊታሩ ላይ የሚሰካው ቀጭን ገመድ መሆን የለበትም። ይህን ባለማወቅ የተቃጠለ ዕቃ በየዕቃ ግምጃ ቤቱ ተቆልሎ ሲታይ፣ ጥፋቱ የተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን ያለ ባለሙያ የሚገዛው ክፍል ጭምር ነው።

ዝግና ክፍት

ሣጥኑ ከጀርባው ዝግ ወይም ክፍት መሆኑ ከስሙ ይበልጥ ይናገራል። ዝጉ ወፍራሙን ድምፅ አጥብቆ ወደ ፊት ይገፋል። ብዙዎች የሚወዱት ደረትን ስለሚመታ ነው። ዳሩ ግን ያ ወፍራም ድምፅ የባስ ጊታሩና የድራሙ ርስት ነው። ብቻውን ሲሰማ ያማረው ውፍረት በባንድ መካከል ሲገባ ጎረቤቱን ያፈናቅላል፤ ባሲስቱም ላለመዋጥ ይጨምራል፤ ድራመሩም ይከተላል፤ በመጨረሻ ሁሉም ጮኸው ማንም አይሰማም። ክፍቱ ሣጥን ከፊትም ከኋላም ስለሚተነፍስ ወፍራሙ ድምፅ ይቀንሳል፤ በመድረኩ ላይም ይበተናል። ስለዚህ ባልደረቦቹ ጊታሩን ያለ ጩኸት ይሰሙታል። በግድግዳቸው ሲሚንቶ፣ በጣሪያቸው ቆርቆሮ ለሆነው ለብዙዎቹ የወረዳና የትምህርት ቤት አዳራሾች የሚስማማው ክፍቱ ወይም በከፊል የተከፈተው ነው። እንደነዚህ ያሉ አዳራሾች የተቀበሉትን ድምፅ አይውጡም፤ መልሰው ይተፉታል።

እንጨቱም ቢሆን ይታሰብበት። ከኮምፔንሳቶ የተሠራው ሣጥን ከችፑድ ከተሠራው ይልቅ በጭነት መኪና መንገላታትን ይችላል፤ እርጥበትንም ይቋቋማል። አራት ስፒከር ያለው ሣጥን በአብዛኛው ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንድ ስፒከር ያለውን ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ ይዞት ይወጣል። በየገጠሩ ለሚዞር የኪነት ቡድን ይህ ልዩነት ተጨማሪ መሣሪያ ወይም ተጨማሪ ሰው ማለት ነው።

ለተቃዋሚዎች መልስ

አንደኛው መከራከሪያ «ወጣቱ ድምፅ በደረቱ እንዲሰማው ይፈልጋል» የሚለው ነው። ይህ ፍላጎት እውነተኛ ነው፤ ልንንቀውም አይገባም። የጭፈራና የደስታ መድረክ ከቅኔ ጉባኤ ይለያል። ደረትን የሚመታው ግን ከበሮና ባስ በአዳራሹ ሞንታርቦ ሲወጣ ነው፤ ለዚህ የጊታር ሣጥን ማግዘፍ አያስፈልግም። ጤናም አለ። በሙያ ጤና መስክ የታወቀው መለኪያ 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በየሳምንቱ ሦስት ሌሊት የሚጫወት ሙዚቀኛ የሚበላው የራሱን ጆሮ ነው።

ሁለተኛው «የድምፅ ባለሙያው ያስተካክለዋል» የሚለው ነው። ባለሙያው የሚያስተካክለው በእጁ የሚያልፈውን ነው። ከመድረክ በቀጥታ የሚፈስሰውን ጩኸት የሚቀንስበት ቁልፍ የለውም። እንዲያውም ያ ጩኸት በዘፋኙ ማይክሮፎን ውስጥ ስለሚገባ ዘፋኙን ባጎላ ቁጥር ጊታሩም አብሮ ይጎላበታል። በአንድ የክፍለ ሀገር አዳራሽ የታየ አንድ ድራማዬ በሁለተኛው ገቢር የነበረው መዝሙር የታሪኩን ቋጠሮ የሚፈታ ነበር። ባለሙያው እስከ ላብ ታገለ፤ ሕዝቡ ግን ዜማውን ተሸክሞ፣ ቋጠሮውን ሳይፈታ ወደ ቤቱ ገባ።

ሦስተኛው የዘመኑ ነው። «ሣጥን የሚባል ነገር አልቆለታል፤ ዲጂታሉ መሣሪያ የሣጥኑን ድምፅ አስመስሎ በቀጥታ ወደ ማደባለቂያው ይልከዋል» ይላል። ጥሩ የመድረክ መስሚያና ብቁ ባለሙያ ባለበት ስፍራ ይህ የሚመሰገን መፍትሔ ነው። መስሚያው በተበላሸበት ወይም ጭራሹኑ በሌለበት አዳራሽ ግን ባንዱ ጊታሩን ሳይሰማ እንደ ዕውር ይሄዳል። መጠነኛ ሣጥን ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ዛሬም ታማኝ አገልጋይ ነው።

ምን ይደረግ?

ለአዳራሽ መድረክ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ከጀርባው በከፊል ክፍት የሆነ፣ ከፊቱ ማይክሮፎን የቆመለት ሣጥን ይበቃል። ማይክሮፎን በማይገኝበት ሰፊ ስፍራ ወይም በአደባባይ ባለ ሁለት ስፒከሩ ቆሞ ያገልግል። አራቱን የሚሻ ባንድ ለምን እንደሚሻው በጽሑፍ ያስረዳ፤ «ያምራል» የሚለው ግን ማስረጃ ተብሎ አይመዝገብ።

ሣጥን በመደብር ውስጥ፣ ጊታሪስቱ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ የሚወደውን ስልት እየተጫወተ አይመረጥ። ከነድራሙ፣ ከነባሱ፣ ከነድምፃዊው በአዳራሽ ይሞከር። መምህራን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት አንድ ፈተና አለ፤ የቃል ጽሕፈት። ማንም ሰምቶት የማያውቅ አዲስ ግጥም ለድምፃዊው ይሰጠው። ከፊት፣ ከመካከልና ከመጨረሻው ረድፍ ሦስት ሰዎች ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቀመጡ። ባንዱ እንደ ሁልጊዜው ይጫወት፤ ሰዎቹም የሰሙትን ይጻፉ። ሦስቱ ወረቀቶች ከግጥሙ ጋር ከተስማሙ ሣጥኑ አልፏል። የመጨረሻው ረድፍ «ጥል»ን «ትል» ብሎ ከጻፈ ወድቋል፤ ስሙም ሆነ ዋጋው አያድነውም።

ይህን ፈተና የኪነት ቡድን የሚያደራጁ፣ መሣሪያ የሚገዙና በጀት የሚያጸድቁ ሁሉ ከግዢ መመሪያቸው ውስጥ እንዲያስገቡት እጠይቃለሁ። ወጪው ሦስት ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደራስያንም ግጥማቸውን ለባንድ አሳልፈው ሲሰጡ በልምምዱ ቀን በመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጡ፤ የማይሰማቸውን ቃል ሲያገኙም ልምምዱን ያስቁሙ። ቲኬት ቆርጦ ከመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው አድማጭ ከፊት እንደተቀመጠው ሁሉ ሰሙንም ወርቁንም ይዞ ወደ ቤቱ የመሄድ መብት አለው።